ከሐሜት ወደ ምስክርነት



የዚህ ወር ጉዳያችን አዛውንቶቻችንን ይመለከታል። በቤትም ይሁን በመጦሪያ ማዕከል፣ በሰው እጅ ላይ የወደቀ አረጋዊ እየተበደለ ይሆን ብለን ስንጠረጥር ምን እናድርግ? ዝም እንበል ወይስ እናውራ? ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የተረዳሁት እኔው ራሴ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ከስሕተቴ ልጀምር።

ጀውሃን የሚያውቅ ሰው አስፋልቱን ያውቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደውና የሚመለሰው መኪና በመካከላችን ያልፋል። ከዚሁ መንገድ ብዙ ሳይርቅ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንዲት እናት ይኖራሉ። በደህናው ዘመናቸው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያጎረሱ ናቸው። እኔንም ከመድረሳ ስመለስ ጠርተው ቆሎ በኪሴ ይጨምሩልኝ ነበር። ኋላ ግን የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ቀኑን ከሌሊቱ፣ የወለዱትን ከባዳው መለየት ተሳናቸው። የሚኖሩት ከወንድ ልጃቸውና ከሚስቱ ጋር ሲሆን፣ ሴት ልጃቸው ሳዑዲ ዓረቢያ ሆና በየወሩ ገንዘብ ትልካለች።

ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ በእኒህ እናት እጅና እግር ላይ ሰንበር መታየት ጀመረ። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። «ምራታቸው ናት» ተባለ። ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዱ ግቢ ተቀምጠን ስንጨዋወት አንዱ ነገሩን አነሣ። እኔም ራሴን ነቅንቄ «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ። የሰማሁት ግን ከእነርሱው ነበር። ከአንድ አፍ የወጣው ወሬ እኔ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ሁለት ምስክር ያለው መሰለ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሴት ልጃቸው ከሳዑዲ ደወለችልኝ። «መምህር፣ እናትሽን ይመቷታል እያሉ ይነግሩኛል። እኔ ሩቅ ነኝ። በአላህ ይሁንብዎ፣ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ። ደነገጥኩ። የምነግራት እውነት አልነበረኝም። የነበረኝ ወሬ ብቻ ነው።

የዚህች ሴት ልጅ የ8ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ከአክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፣ ከትምህርት ስትመለስም አያቷን ሳትጠይቅ አታልፍም። ጠርቼ አንድ ደብተር ሰጠኋት። «በሄድሽ ቁጥር አራት ነገር ጻፊ» አልኳት፤ «ቀኑንና ሰዓቱን፣ በዓይንሽ ያየሽውን፣ አያትሽ ያሉትን በራሳቸው ቃል፣ በመጨረሻም በቤቱ ማን እንደነበረና ማን እንዳልነበረ። የምታስቢውን ግን አትጻፊ።» በየጁምዓው ደብተሩን እያየሁ ከሥሩ እፈርምበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ይህን ሸክም በልጅ ላይ ብቻዋን መጣል አልነበረብኝም። ከአዋቂ ዘመድ አንዱ አብሯት ሊይዘው ይገባ ነበር። ይህንንም እንደ ስሕተቴ ቁጠሩት።

ልጅቱ የጻፈችው ይህን ይመስላል። «ጥቅምት 8፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። በግራ ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ቀይ ክብ ምልክት አለ። ‹ፍቱኝ› ትላለች። አጎቴ እርሻ ነው። ሚስቱ ከገበያ አልተመለሰችም።» ቀጥሎ፦ «ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። አዲስ ምልክት የለም። ሚስቱ እግሯን በሞቀ ውሃ እያጠበች ቅባት ትቀባታለች።» ደግሞም፦ «ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 11 ሰዓት። ቁርጭምጭሚቷ ላይ እንደገና ቀይ ክብ። ሚስቱ ገበያ ናት።» ኅዳር ሲገባ ምራቲቱ የታመመ ልጇን ይዛ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሦስት ሌሊት አደረች። በእነዚያ ቀናት ምልክቱ በሁለቱም እግር ላይ ታየ።

እንግዲህ አንባቢዬ ልብ በል። ሰፈሩ ሁሉ የፈረደባት ሴት ምልክቱ በወጣበት ቀን ሁሉ ቤት አልነበረችም። በነበረችበት ቀን ደግሞ የምታጥበውና የምትቀባው እርሷው ናት።

ደብተሩን ይዤ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ወንድ ልጃቸው ሄድን። ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብለት አለቀሰ። ወቅቱ ማሽላ የሚያሸትበት፣ ግሪሳ የሚወርድበት ነው። ወፍ ጠባቂ የሌለው ማሳ በቀናት ውስጥ ባዶ አገዳ ሆኖ እንደሚቀር የይፋት ገበሬ ያውቀዋል። እናቱ ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ ሌሊት ከቤት ወጥተው አስፋልቱ መካከል ቆመው ተገኝተዋል። ሚስቱ በሌለችበት ቀን መኪና እንዳይገጫቸው ፈርቶ እግራቸውን በገመድ ከአልጋው ጋር አስሮ ወደ ማሳው ይሄድ ኖሯል። «የጠበቅኋት መስሎኝ ነው» አለን። የሰው ልጅን አስሮ ማዋል በደል መሆኑን ለመናገር እኛም አላመነታንም። ነገር ግን በደሉ ከጭካኔ ሳይሆን ከጭንቀት የመጣ ነበርና መፍትሔውም የተለየ ሆነ። ጎረቤት በተራ አብሯቸው እንዲውል ተስማማን፣ ለበሩ አረጋዊቷ የማይከፍቱት መቀርቀሪያ ተሠራ፤ ይህም ሁልጊዜ ሰው ከውስጥ አብሯቸው ሳለ ብቻ እንዲቆለፍ። ሴት ልጃቸውም ለወፍ ጠባቂ የሚከፈለውን ቀን ሠራተኛ ቻለች። ገመዱ ተጣለ።

እኔም በዚያው የመስጂድ ግቢ፣ በዚያው ሰዎች ፊት፣ «ስለዚያች ሴት የተናገርኩት ውሸት ነበር» አልኩ። ቤቷም ሄጄ አውፍ እንድትለኝ ለመንኳት። አውፍ አለችኝ። ዳሩ ግን ለሁለት ወር ያህል ውሃ ስትቀዳ ሰላምታ የነፈጓትን ሴቶች ቀን መልሼ ልሰጣት አልቻልኩም።

ስለላ ነው ወይስ ምስክርነት?

ይህን ታሪክ ስነግራቸው አንዳንዶች «የሰው ነውር መጻፍ ጊባ አይደለምን? መጠርጠርስ አልተከለከለምን?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ከመጥፎ ጥርጣሬ፣ ከስለላና ከሐሜት አጥብቃ እንደምትከለክል ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ያችው ሱራ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ትላለች። ኢማሙ ነወዊም በ«ሪያዱስ ሷሊሒን» ኪታባቸው ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ፣ የተበደለ ሰው በደሉን ሊያስቆም ለሚችል ዳኛ ወይም ሹም ማቅረቡን አንደኛ አድርገው አስቀምጠዋል። ስለ መጻፍም ቢሆን፣ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራ 282፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር ነው። ለገንዘብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዘ ለእናት አካልማ እንዴት አይሆንም?

ልዩነቱ ይህ ነው። በግልጽ ሄዶ መጠየቅና ዓይን ያረፈበትን መጻፍ ስለላ አይደለም። የሰው ሣጥን መበርበር፣ ግድግዳ ላይ ጆሮ መለጠፍ ስለላ ነው። የጻፉትን ለሚመለከተው ማሳየት ምስክርነት ነው። በቡና ላይ ማንበብ ወይም በፌስቡክና በቲክቶክ መበተን ግን ሐሜት ነው። ደብተሩ ያው አንዱ ደብተር ነው። ሁለቱን የሚለየው የሚሄድበት ቦታ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ሰፈር ብቻ እንዳይመስለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ዕድሜያቸው 60 ከሞላ ሰዎች መካከል ከስድስቱ አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖርበት አካባቢ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል። በመጦሪያ ተቋማት ከሚሠሩት ውስጥ ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ በዓመቱ ውስጥ በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። በደል ሲባል ዱላ ብቻ አይደለም። ስድብ፣ ማስፈራራት፣ ምግብና መድኃኒት መንፈግ፣ ማሰር፣ ገንዘብ መውሰድ፣ ቆሻሻ ላይ ትቶ መሄድ ሁሉ በደል ነው።

ምን ይጻፍ? እንዴትስ?

አንደኛ፣ ያየኸውን በዕለቱ ጻፍ። ከወር በኋላ በትዝታ የተጻፈ ነገር ሲጠየቁበት ይፈርሳል። ሉሁን የያዘ ልጅ እንዳይጠፋበት ትኩስ ትኩሱን እንደሚደግመው ሁሉ፣ መዝገብም ትኩስ ሲሆን ነው የሚጸናው። ገጽ አትቅደድ። ስትሳሳት በአንድ መስመር ሰርዘህ ትክክሉን ከጎኑ አድርግ። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ የሚያነበው ከሆነ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ፣ ሰዓቱም የቀን ይሁን የማታ ግልጽ ይሁን።

ሁለተኛ፣ መግለጫ እንጂ ፍርድ አትጻፍ። «ተደብድባለች» ፍርድ ነው። «በቀኝ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ በላይ፣ አንድ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ምልክት» መግለጫ ነው። ይህ ጥንቃቄ ለተጠርጣሪውም ለተበዳዩም ይጠቅማል። የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነው፣ በትንሽ ግጭት ይጠቁራል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይብሳል። ክብደት መቀነስም የስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የጥርስ ሕመም ውጤት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። የአንተ ድርሻ ለሐኪሙ ያልተዛባ መግለጫ ማቅረብ ነው።

ሦስተኛ፣ ልብሱ የሚሸፍነውን አትርሳ። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ዋናው ምልክት የመኝታ ቁስል ነው። ሥጋ በአጥንትና በፍራሽ መካከል ለረጅም ሰዓት ሲጨቆን ደም አይደርሰውም፣ መጀመሪያ ይቀላል፣ ኋላ ይቆስላል። ተረከዝ፣ ዳሌና ከወገብ በታች ያለው አጥንት ቦታው ነው። ሰውየው በየጊዜው ካልተገላበጠ ማንም ሳይመታው ቁስሉ አጥንት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ዐውራ የተከበረ ነው። ይህን የሚያይ የቤተሰብ አባል ወይም የጤና ባለሙያ ይሁን፣ ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ ይመረጥ፣ የአረጋዊው ፈቃድም ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ፎቶ ካነሣህ ሁለት አንሣ። አንዱ ከራቅ ብሎ የአካሉን ክፍል የሚያሳይ፣ ሌላው ቀርቦ ምልክቱን የሚያሳይ ይሁን። ለመጠን መለኪያ አንድ ብር ሳንቲም ከጎኑ አስቀምጥ። የመጀመሪያውን ፋይል አታስተካክለው፣ አትቁረጠው። የተነሣበት ቀን በውስጡ ይቀመጣልና። ፎቶው ለሐኪምና ለሕግ እንጂ ለሕዝብ እንዳልሆነ ለማንም የምትልክለት ሰው አስጠንቅቅ።

አምስተኛ፣ የአረጋዊውን ቃል ብቻውን ሳለ ስማ። «እገሌ መታህ አይደል?» ብለህ አትጠይቅ፣ መልሱን አፉ ውስጥ ጨመርክለት ማለት ነው። «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» በለው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ቃል ቢዘባረቅም አትናቀው። የእኒያ እናት «ፍቱኝ» የሚለው ቃል እንደ ቅዠት ተቆጥሮ ነበር። ኋላ ግን የነገሩ ቁልፍ እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ወረቀቶቹ

ከደብተሩ ሌላ በየቦታው የተበተኑ ወረቀቶች አሉ። እነርሱን መሰብሰብ ግማሹን ሥራ መሥራት ነው።

የሕክምናው፦ የሐኪም ቤት ካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የጤና መድን ደብተር። መድኃኒቱ መቼ እንደተገዛና ስንት ፍሬ እንደቀረ ቁጠር። የ30 ቀን መድኃኒት በ40ኛው ቀን ግማሹ ከተገኘ አልተሰጠም ማለት ነው። በአሥረኛው ቀን ካለቀ ደግሞ ያለ ልክ ተሰጥቷል፣ ወይም ሌላ ሰው ወስዶታል። ድብደባ ከተጠረጠረ ጊዜ ሳይባክን ለፖሊስ ይነገር። ፖሊስ ለሆስፒታሉ በሚጽፈው ደብዳቤ መሠረት የሚሰጠው የሕክምና ማስረጃ ፍርድ ቤት የሚመለከተው ነው። ሰንበር በሳምንት ይጠፋል፣ ወረቀቱ ግን ይቆያል።

የገንዘቡ፦ የላክህበት ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫ፣ የጡረታ ደብተር፣ ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳም መሥራት ለማይችሉ የሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ። የመጣውን በአንድ በኩል፣ ለአረጋዊው የተገዛለትን በሌላ በኩል ጻፍ። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

የመሬቱና የፊርማው፦ በክልላችን ይህ ትልቁ ጉዳይ ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ባለይዞታ መሬቱን ለልጁ፣ ለልጅ ልጁ ወይም ለሚጦረው ሰው በስጦታ እንዲያስተላልፍ ፈቅደዋል። ስጦታውም በጽሑፍ ሆኖ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ብዙ አረጋዊ «ጡረኝ፣ መሬቴን ውሰድ» ብሎ ይሰጣል። አንዳንዱ ተቀባይ ደግሞ መሬቱን ወስዶ ጡሩን ይረሳል። ስለዚህ የስጦታው ውል ቅጂ ከአረጋዊው ወይም ከታመነ ዘመድ ዘንድ ይኑር፣ የመጦር ግዴታውም በግልጽ ይጻፍበት። ደግሞም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የማያነብ ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር እንደማያስገድደው ደንግጓል። በእልፍኝ ጨለማ ተይዞ የተጫነ አውራ ጣት እንግዲህ የመጨረሻው ቃል አይደለም።

የእነዚህ ሁሉ ቅጂ ከአንድ ቤት በላይ ይቀመጥ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትነድ፣ የእኛም አካባቢ ሲታመስ፣ ከቤት ጋር ስንት የይዞታ ደብተርና ስንት የፍርድ ወረቀት አብሮ እንደነደደ የምናውቅ ነን። የስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሩቅ ዘመድ መላክ ከብዙ ለቅሶ ያድናል።

ጡሩ በማዕከል ሲሆን

ቀደም ሲል በአገራችን አረጋዊ ከልጁ ቤት ወዴትም አይሄድም ነበር። ዛሬ ስደቱም ድህነቱም ብዙዎችን ያለ ጧሪ አስቀርቷል። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሰው የጣላቸውን ወገኖች ከጎዳና እያነሣ በሺዎች የሚቆጠሩትን መጦሩ የሚያስመሰግን ነው። በውጭ አገር ደግሞ በመጦሪያ ማዕከላት ተቀጥረው አረጋውያንን የሚንከባከቡ ልጆቻችን ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ጉዳዩ በሁለት በኩል ይመለከተናል፣ እንደ ቤተሰብም እንደ ሠራተኛም።

በማዕከል ያለ አረጋዊ በአንድ ሰው ሳይሆን በሚፈራረቁ ብዙ እጆች ሥር ነው። ስለዚህ «ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። የሚጠየቁትም መዝገቦች እነዚህ ናቸው፦ በየቀኑ የተሰጠው መድኃኒትና የሰጠው ሰው ፊርማ፣ የክብደት መዝገብ፣ የመገላበጫ ሰሌዳ፣ አደጋ ሲደርስ የተጻፈ ሪፖርት፣ የተረኛ ሠራተኞች ስም ዝርዝር። አንተም በተለያየ ሰዓት ጠይቅ። ሁልጊዜ ጁምዓ ከሰዓት ብቻ የሚመጣ ጠያቂ የጁምዓ ከሰዓቱን ንጽሕና ብቻ ያያል።

አቤቱታህን በቃል ብቻ አትተው። በሁለት ቅጂ ጽፈህ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጥ፣ ያንተው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርግ። «አልሰማንም» የሚለውን መልስ ያች ትንሽ ማኅተም ትዘጋዋለች።

መዝገብ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የእንግሊዝ አገር አንድ ታሪክ ያስተምረናል። በጎስፖርት ከተማ የጦር መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2000 ብዙ አረጋውያን ሳያስፈልጋቸው ከባድ የሕመም ማስታገሻ እየተሰጣቸው ሞተዋል። ገና በ1991 አንዳንድ ነርሶች «ይህ ልክ አይደለም» ብለው ነበር። የሰማቸው አልነበረም፣ ይልቁንም ተገሠጹ። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ስብሰባ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ አልጠፋም። በ2002 ወጣ። ከ1998 ጀምሮ ለፖሊስ ያመለከቱ ቤተሰቦችም ተስፋ አልቆረጡም። በጳጳስ ጄምስ ጆንስ የተመራው ነጻ አጣሪ ቡድን ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የ456 ሰዎች ሕይወት በዚህ መንገድ እንዳጠረ ገለጸ። የአገሪቱ መንግሥትም ቤተሰቦቹን ይቅርታ ጠየቀ። በ27 ዓመት ውስጥ ሹማምንቱ ተለዋወጡ፣ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውም አለፉ። ወረቀቱ ግን ቦታው ነበር።

ማሰርም ቢሆን የእኛ ሰፈር ብቻ ችግር አልነበረም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የመጦሪያ ተቋማት ሕግ አረጋዊን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ማሰርን፣ በመድኃኒትም ማደንዘዝን ከልክሏል። ሕግ ያስፈለገው ድርጊቱ ተራ ነገር ሆኖ ስለነበረ ነው። በዚያ የምትሠሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ ገመዱ ብቻ ሳይሆን ያለ ሕመም የሚሰጥ የእንቅልፍ መድኃኒትም እስራት መሆኑን ዕወቁ። ያያችሁትን በዕለቱ መጻፍና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ የእናንተ አማና ነው።

ወዴት ይቅረብ?

በቅድሚያ፣ ሕይወት በአደጋ ላይ ከሆነ ደብተሩ እስኪሞላ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱን መጠበቅ የማይችል ሰው በኃላፊነቱ ሥር ሳለ ለአደጋ አጋልጦ የሚተወውን ይቀጣል። አደጋው የቅርብ ካልሆነ ግን መጀመሪያ ጧሪውን አናግር። ምናልባት ደክሞ ይሆናል። ሌት ተቀን አልጋ የሚያነሣ ሰው ረዳት ሲያጣ ልቡ ይደነድናል፣ ረዳት ሲያገኝ ይመለሳል።

ቀጥሎ ሽምግልና አለ። መልካም ነው፣ ነገር ግን አረጋዊው በሌለበት የሚያልቅ ዕርቅ የአረጋዊው ዕርቅ አይደለም። ስምምነቱ ይጻፍ፣ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደሚያደርግ፣ ሽማግሌዎቹም መቼ ተመልሰው እንደሚያዩ ይወሰን። ያ ካልሠራ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ። ቀለብን በሚመለከት ፍርድ ቤት አለ፤ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ልጅ ችግረኛ ወላጁን እንዲቀልብ ያስገድዳል። ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። በተቋም ለሚደርስ በደል የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል። በእነዚህ በሮች ሁሉ የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ «መቼ?» እና «ማን አየ?» ደብተር ያለው ይመልሳል። የሌለው ይምላል።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች! የዚያች የ8ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ፊደሉም አንዳንድ ቦታ ተዛንፏል። ያም ሆኖ አንዲት አረጋዊት ከገመድ፣ አንዲት ምራትም ከሰው ምላስ የተፈቱት በዚያ ደብተር ነው። እኔ በሁለት ትምህርት ቤት፣ በመድረሳና በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጬ ስማር ያልገባኝን ከተማሪዬ ተማርኩ።

እኒያ እናት አሁንም አሉ፣ አልሐምዱ ሊላህ። ባለፈው ጁምዓ ልጠይቃቸው ስሄድ አላወቁኝም። ምራታቸው ግን እግራቸውን እያሸች «መምህር ናቸው እኮ፣ ያ ቆሎ የሚወደው ልጅ» አለቻቸው። ቁርጭምጭሚታቸውን አየሁ። ንጹሕ ነበር። ቤቴ ስገባ ይህንንም ጻፍኩት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሬ።